የኖቤሉን ሴል እንጠብቅ ወይስ እንሂድ?

ከጅማ የደረሰኝ ጥያቄ እንዲህ ይላል፦

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፍልዎ ከጅማ፣ ከሂርማታ ነው። የ26 ዓመት ታናሽ ወንድሜ ኤኤምኤል የሚባለው የደም ካንሰር ተገኝቶበት አዲስ አበባ ኬሞ ወሰደ። አሁን ደሙ ጸድቷል ተባልን። ግን ሊያገረሽ ስለሚችል ውጭ ሄዶ የመቅኔ ንቅለ ተከላ እንዲያደርግ ተመከርን። ስንመረመር እኔም ታላቅ ወንድማችንም ከእሱ ጋር ገጠምን። እኔ ልስጥ ብል ‹አንቺ የሁለት ልጆች እናት ነሽ፣ ወንድሙ ይሻላል› አሉኝ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ከሁሉ የከበደን ግን የሰጪው ሴል ዞሮ ገላውን ሊያጠቃው ይችላል መባሉ ነው። የኖቤል ሽልማት ያስገኙት ሴሎች ይህን ይከላከላሉ ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው? እነሱ እስኪመጡ እንጠብቅ ወይስ የቡናውን ብር ይዘን አሁኑኑ እንሂድ?»

እህቴ፣ መልሱን ላስቀድመው። አትጠብቁ።

የሰሙት እውነት ነው። ሴሎቹ አሉ፤ በሰው ላይም ተሞክረው ጥሩ ውጤት አሳይተዋል። የወንድምዎ በሽታ ግን ጊዜ አይሰጥም። «ደሙ ጸድቷል» ሲባል በማይክሮስኮፕ ካንሰር ሴል አልታየም ማለት ነው እንጂ አልቋል ማለት አይደለም። የኤኤምኤል ዓይነቱ ንቅለ ተከላ የሚፈልግ ከሆነ ምርጡ ጊዜ አሁን፣ በሽታው ተኝቶ ሳለ ነው። ካገረሸ በኋላ የሚሠራ ንቅለ ተከላ ውጤቱ በጣም ያንሳል። ደግሞም እነዚያኑ ሴሎች በሌላ መንገድ የሚጠቀም፣ ርካሽ የሆነ፣ ጅማ ላይ ሳይቀር የሚታወቅ መድኃኒት አለ። እሱን ወደ በኋላ አመጣዋለሁ። መጀመሪያ የፈራችሁትን ነገር እንየው። ግማሹ ብቻ የተነገራችሁ ይመስለኛል።

የሰጪው ሴል ገላን ሲያጠቃ በሽታው ጂቪኤችዲ ይባላል። መቅኔ ሲሰጥ ወደ ታካሚው የሚገባው ደም የሚያመርተው ግንድ ሴል ብቻ አይደለም። ከሰውነት በሽታ መከላከያ ሴሎች አንዱ የሆነው የለጋሹ ቲ-ሴልም አብሮ ይገባል። የቲ-ሴል ሥራ የራሱ ያልሆነውን ለይቶ ማጥቃት ነው። ኩላሊት ሲተከል የምንፈራው የታካሚው ሰውነት አዲሱን ኩላሊት እንዳይገፋው ነው። እዚህ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። የገባው ሴል ነው የተቀበለውን ሰውነት የሚያጠቃው። ታካሚው ደግሞ ከንቅለ ተከላው በፊት በሚሰጠው ከባድ ኬሞ መከላከያው ስለተደመሰሰ መልሶ የሚገፋበት አቅም የለውም።

«ገጠምን» ያላችሁት ኤችኤልኤ የሚባሉትን የሴል መለያዎች ነው። ግማሹ ከእናት፣ ግማሹ ከአባት ይወረሳል። ስለዚህ ከአንድ እናትና አባት የተወለደ እያንዳንዱ ወንድም ወይም እህት ሙሉ በሙሉ የመግጠም ዕድሉ 25 በመቶ ነው። ሁለታችሁም መግጠማችሁ ትልቅ ዕድል ነው። ሆኖም ከኤችኤልኤ ውጭ ብዙ ጥቃቅን ልዩነቶች አሉ። አንድ ዓይነት መንታ ካልሆኑ በቀር ሙሉ በሙሉ የገጠመ ወንድምም ቢሆን ለቲ-ሴሎቹ ትንሽ እንግድነት አያጣም።

ለምን ወንድሙ እንደተመረጠ የሚገባዎትም ከዚህ ነው። ወንድ ዋይ ክሮሞሶም አለው፤ ሴት የላትም። ስለዚህ ከዋይ ክሮሞሶም የሚሠሩ ፕሮቲኖች ለሴት ቲ-ሴል ባዕድ ናቸው። ሴት ስታረግዝ፣ በተለይ ጽንሱ ወንድ ከሆነ፣ መከላከያዋ ከእነዚህ ፕሮቲኖች ጋር ይተዋወቃል፤ ትውስታውም ለዓመታት ይቆያል። የወለደች እህት ለወንድሟ ስትለግስ ሥር የሰደደ ጂቪኤችዲ የመምጣቱ ዕድል የሚጨምረው በዚህ ነው። የእርስዎ ጤና ችግር ኖሮበት አይደለም። ታላቅ ወንድማችሁ ባይገጥም ኖሮ ያለ ብዙ ማመንታት የእርስዎን ይወስዱ ነበር። አሁንም ተጠባባቂ ለጋሽ ነዎትና ፓስፖርትዎን አውጥተው ቢያስቀምጡ ደስ ይለኛል። ለጋሽ በመጨረሻው ሳምንት ወባ ሊይዘው ወይም ምርመራው ላይ አንድ ነገር ሊገኝበት ይችላል።

ጂቪኤችዲ ሁለት መልክ አለው። አጣዳፊው ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 100 ቀናት ውስጥ ይመጣል። የሚመታው ሦስት ቦታ ነው፦ ቆዳ፣ አንጀት፣ ጉበት። ብዙውን ጊዜ በመዳፍ፣ በውስጥ እግርና በጆሮ አካባቢ በሚወጣ ቀይ ሽፍታ ይጀምራል። ሽፍታው ይለበልባል፤ ያሳክካል። አንጀት ሲነካ ተቅማጡ እንደ ወትሮው ተቅማጥ አይደለም። ነርሶቹ በሊትር ነው የሚለኩት። ጉበት ሲነካ ዓይን ቢጫ ይሆናል። ሥር የሰደደው ደግሞ ዘግይቶ ይመጣል፤ ዓመታትም ሊቆይ ይችላል። ዓይን ይደርቃል። አፍ ይደርቅና በርበሬ ያለበት ወጥ መቅመስ ፈተና ይሆናል። ቆዳ ይጠነክራል። የከፋው ሳንባ ሲነካ ነው። መጀመሪያ የሚሰጠው መድኃኒት ስቴሮይድ ነው፤ አጣዳፊው ከያዛቸው ውስጥ በቂ ለውጥ የሚያሳዩት ግማሽ ያህሉ ናቸው። ለቀሩት ሩክሶሊቲኒብ የመሰሉ አዳዲስ መድኃኒቶች መጥተዋል። ቢሆንም ከጀመረ በኋላ ከማሳደድ መከላከሉ እጅግ ይሻላል።

ታዲያ የለጋሹን ቲ-ሴል አጥቦ አውጥቶ ግንድ ሴሉን ብቻ ለምን አይሰጡም? በ1980ዎቹ ተሞከረ። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) ጂቪኤችዲው በእርግጥ ቀነሰ። ነገር ግን ንቅለ ተከላው አልይዝ ያላቸው በዙ፤ ካንሰሩም ቶሎ ቶሎ አገረሸ። ምክንያቱም ቆዳና አንጀትን የሚያጠቃው ያው ቲ-ሴል ከኬሞ ያመለጠውን የካንሰር ሴል እያደነ የሚገድልም ነው። ከአንድ ዓይነት መንታ መቅኔ የወሰዱ ሰዎችን ብናይ ጂቪኤችዲ እምብዛም አይታይባቸውም፤ ካንሰሩ ግን ከሌሎቹ ይበልጥ ያገረሽባቸዋል። ይህን ለቤተሰብ ማስረዳት ሁሌም ይከብደኛል። ሰው ነገሩ ጨርሶ እንዳይመጣ ነው የሚፈልገው። እኛ ደግሞ የለጋሹ ቲ-ሴል ካንሰሩን እንዲያጠቃ፣ ቆዳውን ግን እንዲተው ነው የምንፈልገው።

የኖቤሉ ሴል የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

በአጭሩ ቲሬግ እንላቸዋለን፤ ተቆጣጣሪ ቲ-ሴሎች ናቸው። ሲዲ4 ከሚባሉት ቲ-ሴሎች ውስጥ ከ5 እስከ 10 በመቶ ቢሆኑ ነው። ሥራቸው ሌሎቹን ቲ-ሴሎች ማብረድ ነው። ጃፓናዊው ሺሞን ሳካጉቺ እነዚህ ሴሎች መኖራቸውን በ1995 አሳየ። በዚያን ጊዜ «አብራጅ ሴል» የሚለው ሐሳብ በሙያው ውስጥ ተንቋል ማለት ይቻላል። ሜሪ ብሩንኮውና ፍሬድ ራምስዴል ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ከሌላ አቅጣጫ መጡ። በ1940ዎቹ ኦክሪጅ በሚባል ቤተ ሙከራ ቆዳቸው የሚላላጥ፣ በጥቂት ሳምንታት የሚሞቱ ወንድ አይጦች ተወልደው ነበር። ሁለቱ ተመራማሪዎች የነዚያ አይጦች ጉድለት ያለበትን ጂን አድነው በ2001 ፎክስፒ3 ላይ ደረሱ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ይህ ጂን ቲሬግን ቲሬግ የሚያደርገው ዋናው ጂን እንደሆነ ታወቀ። ሦስቱ በ2025 የሕክምና ኖቤልን አብረው ተሸለሙ።

ያ ጂን በሰው ላይ ሲበላሽ የሚመጣው በሽታ አይፔክስ ይባላል። እጅግ አልፎ አልፎ የሚከሰት ነው፤ የሚይዘውም ወንድ ሕፃናትን ነው። ሕፃኑን ብታዩት የማያቋርጥ ተቅማጥ አለው። ገላው በሽፍታ ተሸፍኗል። ቆሽቱ ተጠቅቶ ገና በጨቅላነቱ የስኳር በሽተኛ ሆኗል። አንጀቱና ቆዳው ላይ የሚታየው ከላይ ከነገርኳችሁ ጂቪኤችዲ ጋር በጣም ይመሳሰላል። ልዩነቱ ይህ ሕፃን ከማንም ምንም አለመቀበሉ ነው። የሚያጠቃው የገዛ ራሱ ቲ-ሴል ነው፤ አብራጅ ስለሌለው። ዘላቂው ሕክምናው ደግሞ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የመቅኔ ንቅለ ተከላ።

ቲሬግ ሌላውን ቲ-ሴል የሚያበርደው በብዙ መንገድ ነው። ቲ-ሴል ለመባዛት ኢንተርሉኪን-2 የሚባል ኬሚካል ይፈልጋል። ቲሬግ ያንን ቀድሞ ይመጥጠዋል። ሌላው ደግሞ ቲ-ሴሎችን «ተነሱ» ብለው የሚቀሰቅሱ ሴሎች አሉ። ቲሬግ እነሱ ላይ ተለጥፎ የመቀስቀሻ ምልክታቸውን ይነቅላል። ይህ ሁሉ በብዛት የሚከናወነው ቲ-ሴሎች ገና ሳይበተኑ በሚዘጋጁባቸው የሊምፍ ዕጢዎች ውስጥ ነው።

ስለዚህ ወሳኙ ነገር ሰዓቱ ነው። ሽማግሌ የሚላከው ዱላ ከመነሣቱ በፊት እንጂ ደም ከፈሰሰ በኋላ አይደለም። ሐኪሞቹም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ቲሬጉን አስቀድመው ሰጡ፤ ተራውን ቲ-ሴል ከቀናት በኋላ አስከተሉ። በ2002 እና በ2003 በአይጦች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ጂቪኤችዲው እንደሚቀንስ፣ ካንሰር የመግደሉ ኃይል ግን እንደማይጠፋ አሳዩ። የጣሊያን ፔሩጂያ ሐኪሞች ግማሽ ብቻ ከሚገጥም ዘመድ በተወሰደ መቅኔ 28 ሰዎች ላይ ሞክረው ውጤቱን በ2011 አሳተሙ። ከዚያ በኋላ ምንም መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት አልሰጡም። በእኛ ሙያ ይህ ድፍረት ነው። ንቅለ ተከላው ለ26ቱ ያዘ። ከእነሱ ውስጥ ከበድ ያለ አጣዳፊ ጂቪኤችዲ የያዘው 2 ሰው ብቻ ነው። ነገሩ አልጋ በአልጋ ነበር እንዳይመስላችሁ። ከሕክምናው ጋር በተያያዘ፣ በተለይ በኢንፌክሽን፣ የሞተው ሰው ጥቂት አልነበረም። ሐሳቡ ግን እንደሚሠራ ታየ።

እርስዎ የሰሙት ዜና ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ሳይሆን አይቀርም። ኦርካ-ቲ ይባላል፤ የአሜሪካ ኩባንያ ሥራ ነው። ለጋሹ ሴሉን ይሰጣል። ሴሉ ወደ ማዕከላዊ ቤተ ሙከራ ይላካል። እዚያ ግንድ ሴሉ፣ ቲሬጉና ተራው ቲ-ሴል ለየብቻ ይለያሉ። ከዚያ ሳይቀዘቅዝ፣ ትኩሱን፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ታካሚው ዘንድ መድረስ አለበት። ግንድ ሴሉና ቲሬጉ በመጀመሪያው ቀን ይሰጣሉ፤ ተራው ቲ-ሴል በትንሽ መጠን ተለክቶ ከሁለት ቀን በኋላ ይከተላል። በ2025 ውጤቱ የወጣው ትልቁ ጥናት 187 ሰዎችን ይዟል። ከአንድ ዓመት በኋላ በሕይወት ያሉና መካከለኛ ወይም ከባድ ሥር የሰደደ ጂቪኤችዲ ያልያዛቸው በአዲሱ መንገድ 78 በመቶ ነበሩ። በተለመደው መንገድ ግን 38 በመቶ ብቻ። ይህ በጣም ትልቅ ልዩነት ነው፤ አላናንቀውም።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። በሕይወት መቆየትን ብቻ ካየን 94 ለ83 በመቶ ነው፤ ይህ ልዩነት በስታቲስቲክስ ሚዛን በአጋጣሚም ሊመጣ የሚችል ነው። ከዚህም በላይ የተወዳደረው ከማን ጋር ነው? ታክሮሊመስና ሜቶትሬክሴት ከሚባሉት የድሮ ጥንድ መድኃኒቶች ጋር። ዛሬ ብዙ ማዕከላት የያዙት ግን ሌላ መድኃኒት ነው። ቆይቼ የማወራው ስለሱ ነው።

ለእናንተ ደግሞ የቦታው ጉዳይ አለ። ይህ ሕክምና ሴል በማግኔት የሚለይ ማሽን፣ አንድ ብናኝ የማይገባበት ክፍል፣ በሰዓት የሚቆጠር ማጓጓዣ ይፈልጋል። ብዙ የኢትዮጵያ ቤተሰብ ለንቅለ ተከላ የሚሄድባቸው ሕንድም ሆነ ቱርክ ሄዳችሁ እንደ ተራ ሕክምና የሚሰጣችሁ ነገር አይደለም። ዝርዝሩን ሳያሳይ «ቲሬግ እንወጋችኋለን» ወይም «ስቴም ሴል እናጠናክራለን» የሚል ክሊኒክ ኢንተርኔት ላይ ካጋጠማችሁ ብራችሁን ይዛችሁ ዞር በሉ። ኖቤል በተሰጠ ቁጥር የእንዲህ ዓይነቱ ማስታወቂያ ገበያ ይደራል።

አሁን ወደ ርካሹ መድኃኒት።

ስሙ ሳይክሎፎስፋማይድ ነው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ያለ የኬሞ መድኃኒት ነው። ጅማ ላይ የጡት ካንሰር ኬሞ የወሰደች ዘመድ ካለቻችሁ ይህን መድኃኒት ወስዳ ሊሆን ይችላል። በአሜሪካ ባልቲሞር፣ ጆንስ ሆፕኪንስ ያሉ ሐኪሞች ይህን መድኃኒት ከንቅለ ተከላው በኋላ፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን በከፍተኛ መጠን መስጠት ጀመሩ። መጀመሪያ ላይ ሰምቶ ያልደነገጠ ሰው የለም። ገና በተተከለ መቅኔ ላይ ኬሞ?

ሚስጥሩ ሰዓቱ ላይ ነው። በሦስተኛው ቀን የታካሚውን ሰውነት ባዕድ ብለው የቆጠሩት የለጋሽ ቲ-ሴሎች ተቀስቅሰው በፍጥነት እየተባዙ ነው። ሳይክሎፎስፋማይድ በዋናነት የሚመታው እነሱን ነው። ግንድ ሴሎቹ መድኃኒቱን የሚያመክን ኤንዛይም በብዛት ስላላቸው ይተርፋሉ። ቲሬጎቹም እንዲሁ! ያንኑ ኤንዛይም እየጨመሩ ያመልጣሉ። አውሎ ነፋሱ ሲያልፍ ሜዳው ላይ የሚቀረው የአብራጆቹ ድርሻ ከፍ ብሎ ነው። በአይጦች ላይ ቲሬጎቹ ሆን ተብለው ሲወገዱ መድኃኒቱ ጂቪኤችዲን የመከላከል ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ ወንድምዎ ቲሬግ ከቤተ ሙከራ ባይመጣለትም ከታላቅ ወንድሙ መቅኔ ጋር የሚገባው ቲሬግ የበላይነት እንዲያገኝ ማድረግ ይቻላል።

ማስረጃውም ጥሩ ነው። በ2023 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ለስለስ ባለ ኬሞ የተዘጋጁ ታካሚዎችን አየ። ከአንድ ዓመት በኋላ ያለ ከባድ ጂቪኤችዲና ያለ ማገርሸት በሕይወት የነበሩት በሳይክሎፎስፋማይድ 53 በመቶ፣ በድሮው መንገድ 35 በመቶ ነበሩ። እናንተን ይበልጥ የሚመስለው በ2025 የታተመው የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ ጥናት ነው። ለጋሾቹ ሁሉ እንደ እናንተ የገጠሙ የቅርብ ዘመዶች ናቸው። 134 ሰዎች ተካፈሉ። ከሦስት ዓመት በኋላ በዚያው መለኪያ 49 ለ14 በመቶ ወጣ። የፋብሪካ ሴል የለበትም። ብልቃጥ፣ ጨው ውኃ፣ ሥራውን የሚያውቅ ነርስ።

ጉዳት የለውም አልልም። የደም ቁጥር ቶሎ አይነሣም። ኢንፌክሽን፣ በተለይ ሲኤምቪ የሚባለው ቫይረስ፣ ይበዛል። ልብን ሊነካ ስለሚችል አስቀድሞ የልብ አልትራሳውንድ ይሠራል። ፊኛ እንዳይደማ ሜስና የሚባል መድኃኒትና ብዙ ፈሳሽ አብሮ ይሰጣል። ሁሉም ማዕከል ለገጠመ ወንድም ይህንን አይጠቀምም። ስለዚህ ብሩን ከመላካችሁ በፊት በጽሑፍ ጠይቁ፦ ጂቪኤችዲ ለመከላከል የምትሰጡት ምንድን ነው? ሳይክሎፎስፋማይድ ካልሆነ ለምን? ሴሉ የሚወሰደው ከመቅኔ ነው ወይስ ከደም? ይህ የመጨረሻው ለታላቅ ወንድማችሁም ይመለከተዋል። ከደም ከሆነ ለአምስት ቀን ያህል መርፌ ይወጋና ማሽን ላይ ጥቂት ሰዓት ይቀመጣል። ከመቅኔ ከሆነ በሰመመን ከዳሌ አጥንት ይቀዳል። ከመቅኔ የተቀዳው ሥር የሰደደ ጂቪኤችዲ የማምጣት ዕድሉ ያንሳል። ለጥያቄዎቹ በቂ መልስ የማይሰጥ ማዕከል፣ ሆቴሉን ያህል ያማረ ሕንፃ ቢኖረው እንኳ፣ እኔን አያስደስተኝም።

እስከምትሄዱ ድረስ ደግሞ እዚያው ጅማ የሚሠራ ብዙ ሥራ አለ።

የመጀመሪያው ደም ነው። ሄሞግሎቢኑ ወርዶ ደም ካስፈለገው ቤተሰቡ ተሽቀዳድሞ እንደሚሰለፍ አውቃለሁ። ባህላችን ነው። ለእሱ ግን የእርስዎም ሆነ የታላቅ ወንድማችሁ ደም አይሰጠው። የአጎት፣ የአክስት ልጅም ይቅር። አንደኛ፣ የለጋሹን ደም ቀድሞ ካየ ሰውነቱ በኋላ መቅኔውን ሊገፋ ይችላል። ሁለተኛ፣ የተዳከመ ሰው የዘመድ ደም ሲወስድ በደሙ ውስጥ ያሉት ቲ-ሴሎች ራሳቸው ጂቪኤችዲ ሊያስነሡ ይችላሉ። ይህኛው መቅኔን ጭምር ስለሚያጠፋ ከሞላ ጎደል ሁሌም ይገድላል። መለገስ የፈለገ ዘመድ ደም ባንክ ሄዶ ለማንም ይለግስ፤ ለወንድምዎ የማያውቀው ሰው ደም ይሰጠው።

ሁለተኛው ሰው የሚስቅበት ነገር ነው፤ የአንጀት ትል። ስትሮንጂሎይድስ የሚባለው በባዶ እግር በኩል ከአፈር ይገባል። እንደ ጅማ ባለ ሞቃትና እርጥብ አገር ደግሞ ይመቸዋል። ምንም ሳያሳምም ለዓመታት ይቀመጣል። ስቴሮይድ ሲጀመር ግን ይባዛና ወደ ሳንባና ወደ መላ ሰውነት ይሰራጫል። ተራ የሰገራ ምርመራ ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል። ለትል የሚሰጠው የተለመደው አልቤንዳዞልም በደንብ አያጠፋውም፤ መድኃኒቱ አይቨርሜክቲን ነው። ውጭ ያለው ሐኪም ላያስብበት ስለሚችል እናንተ አንሡት። ቲቢና ሄፓታይተስ ቢም እንዲሁ አስቀድመው ይታዩ። ሁለቱም መከላከያ ሲዳከም የሚነሡ ናቸው። የሚበላሽ ጥርስ ካለው አሁኑኑ ይታከም።

ሦስተኛውን ቤተሰብ ፊት ማንሣት ስለሚከብድ ማንም አይነግራችሁም። ከንቅለ ተከላው በፊት የሚሰጠው ኬሞ አብዛኛውን ጊዜ ልጅ የመውለድ አቅምን ያጠፋል። ወንድምዎ 26 ዓመቱ ነው። ዘር አስቀምጦ በብርድ ማቆየት ይቻላል፤ ግን ይህ ኬሞ ከመጀመሩ በፊት መሆን አለበት። ለእሱ ብቻውን ይነገረውና ይወስን።

ከተሳካ በኋላ ከ100 ቀን በፊት ወደ አገር ቤት አትቸኩሉ። የቤት ኪራዩ ቢመርም በጀት ስትይዙ እሱን ጨምሩ። ጅማ ሲመለስ ጥሬ ሥጋ፣ ያልፈላ ወተት፣ ጥሬ ማር ለጊዜው ይቅር። የጌራ ማር ሲቀርብለት እምቢ ማለት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ያልታጠበ ቅጠል የሚገባበት የጫት ምርቃናም ይቅር። ቡናው ችግር የለውም፤ ውኃው ይፍላ እንጂ። ፀሐይ የቆዳውን ጂቪኤችዲ ይቀሰቅሳልና ሰፊ ባርኔጣና እጅጌው ረዥም ልብስ ይልበስ። በልጅነቱ የወሰደውን ክትባት ሰውነቱ ስለሚረሳው እንደገና ከሐኪሙ ጋር በፕሮግራም ይከተባል። ትኩሳት ከመጣ እስከ ጠዋት አይጠበቅም።

የለጋሹን ቲ-ሴል ለማብረድ ታክሮሊመስ ሊሰጠው ስለሚችል ከመሄዳችሁ በፊት የሚከታተለውን ሐኪም አንድ ነገር ጠይቁ፦ የመድኃኒቱ መጠን በደም ውስጥ የሚለካው የት ነው? ናሙናው አዲስ አበባ የሚላክ ከሆነ መንገዱ ቀድሞ ይዘጋጅ። ሌላ መድኃኒት፣ ለምሳሌ ለፈንገስ የሚሰጠው ፍሉኮናዞል፣ መጠኑን ከፍ ስለሚያደርገው ፋርማሲ ሄዳችሁ በራሳችሁ ምንም አትጨምሩ። የአገር መድኃኒትም ቢሆን ለሐኪሙ ሳይነገር አይሰጠው።

ከውጭ የምታመጡት ወረቀት ላይ የለጋሹ ማንነት፣ የሁለቱም የደም ዓይነት፣ ጂቪኤችዲን ለመከላከል የተሰጠው መድኃኒት ከነመጠኑ ይጻፍ። የደሙ ዓይነት ወደ ለጋሹ ስለሚቀየር የድሮ ካርዱን አይተው እንዳይሳሳቱ። ወደፊት ደም ካስፈለገው በጨረር የታከመ ደም ብቻ እንደሚሰጠውም ከላይ፣ በትልልቁ ይጻፍ። ቅጂውን ጅማ ላይ ለሚከታተለው ሐኪም ስጡ፤ አንዱን ደግሞ እሱ ራሱ ኪሱ ውስጥ ይያዝ።